የአርብ ማታ የሃይስኩል ፉትቦል፦ 49 ለ 0 እየተመሩም ትኬቱ ያዋጣል

የእህቴ ልጅ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ለትምህርት ቤቱ ፉትቦል ይጫወታል። የኛን እግር ኳስ አይደለም፤ የአሜሪካኖቹን፣ ሄልሜት የሚደረግበትን። ኳስ የሚወረውረውንና ማጥቃቱን የሚመራውን ልጅ፣ ኳርተርባኩን፣ ከፊት ሆነው ከሚከላከሉት አምስት ልጆች አንዱ ነው። ቡድኑ ደካማ ነው፣ በሰፊ ልዩነት መሸነፍ ለምዷል። «ልጄ ሲቀጠቀጥ ለማየት ደግሞ ልክፈል?» የሚል አበሻ ወላጅ ብዙ ሰምቻለሁ። እኔ ሂዱ ነው የምለው። ስትሄዱም እስከ መጨረሻው ቆዩ።

በመጀመሪያ ስለ አገልግሎቱ። ትኬቱ በስልክ ነው የሚገዛው፤ እኛ ጋ 8 ዶላር ነው። መግቢያው ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። መቀመጫው ብረት ስለሆነ ብርዱ ሲገባ ጋቢ ያዙ። ምግብ የሚሸጡት የተጫዋቾቹ ወላጆች ናቸው፤ ገቢውም ለቡድኑ ይውላል። ሆትዶግ፣ ቺዝ የፈሰሰበት ናቾስ፣ ትኩስ ቾኮሌት አለ። ችግሩ ቀኑ አርብ መሆኑ ነው። ለጿሚ ከድንች ጥብስ ሌላ ብዙም የለም፤ ፈንዲሻውንም ቅቤ እንዳለበት ጠይቃችሁ ግዙ። እረፍት ላይ የትምህርት ቤቱ ባንድ ሜዳ ይገባል። እሱን ብቻ ለማየት የሚመጣ ሰው አለ፣ አልፈርድበትም።

አሁን ወደ ጨዋታው። እያንዳንዱ ኳርተር (የጨዋታው ሩብ) 12 ደቂቃ ሲሆን አራት ኳርተር አለ። አንድ ተችዳውን፣ ማለትም ኳሱን የተጋጣሚ መጨረሻ መስመር ድረስ ማድረስ፣ 6 ነጥብ ነው፤ ከዚያ 1 ወይም 2 ይጨመርበታል። ስለዚህ ልዩነቱ በአንዴ ይሰፋል። ብዙ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ለማጥቃት ሌላ፣ ለመከላከል ሌላ ልጆች ያሰልፋል። የኛዎቹ ሁለቱንም የሚሠሩት እነዚያው ናቸው። ሦስተኛው ኳርተር ላይ እግራቸው ይከዳቸዋል። ከውጭ ለሚያይ ስንፍና ይመስላል፤ አይደለም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ከእረፍት በኋላ ልዩነቱ 35 ነጥብ ከደረሰ ሰዓቱ እንደወትሮው እየቆመ አይሄድም፣ ዝም ብሎ ይሮጣል። ጨዋታው ቶሎ እንዲያልቅ ነው። አሰልጣኞቹና ዳኛው ከተስማሙም የቀረውን ጊዜ ማሳጠር ወይም ጨዋታውን እዚያው ማቆም ይቻላል። አንድ ቀን ወደ ቤት እየነዳሁ «ለምን አያቆሙላችሁም?» አልኩት። «አክስቴ፣ አራተኛው ኳርተር ላይ እኮ ነው ዘጠነኛ ክፍሎቹ የሚገቡት!» አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመዱ የቆዩ ልጆች አሉ፤ የነሱ ተራ የሚደርሰው ያኔ ብቻ ነው። ሰዓቱ ሲሮጥ የነሱም ደቂቃ አብሮ ይሮጣል።

ስለዚህ ጉዳዩ የሰዓት ብቻ አይደለም። ዋናው አሸናፊው ቡድን የሚያደርገው ነው። በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኢንግልዉድ የተባለው ትምህርት ቤት ሞርኒንግሳይድን 106 ለ 0 አሸነፈ። 104 ለ 0 እየመራ ለተጨማሪ 2 ነጥብ ሞከረ። ይሄ ለምን ይጠቅማል? የአካባቢው የስፖርት አስተዳደር አወገዘው፣ ትምህርት ቤቱም ይቅርታ ጠየቀ። በ2013 ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ አሌዶ ዌስተርን ሂልስን 91 ለ 0 ረታ። አንድ ወላጅ የአሌዶን አሰልጣኝ በጉልበተኝነት ከሰሰ። ሲጣራ ግን አሰልጣኙ ዋና ተጫዋቾቹን ቶሎ አስወጥቷል፣ ከእረፍት በኋላም ሰዓቱ ሳይቆም እንዲሄድ ተደርጓል። ጉልበተኝነት አልተገኘበትም። የተሸነፈው ቡድን አሰልጣኝ እንኳ አልወቀሰውም። እኔ ሁለቱን በአንድ ዓይን አላያቸውም። ነጥቡ ቢቀራረብም ሥራቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። 49 ለ 0 እየተመራን ነበር፣ አራተኛው ኳርተር። ተጋጣሚዎቻችን ተጠባባቂዎቻቸውን አስገብተዋል። ኳስ አይወረውሩም፣ ይዘው መሃል ለመሃል ብቻ ይሮጣሉ። የኛዎቹ ኳሱን ሲያገኙ ኳርተርባኩ ተመትቶ ወደቀ። አምስቱም ጠባቂዎች ሮጠው አነሱት። እንደገና ወደቀ፣ እንደገና አነሱት። በሦስተኛው ሙከራ አንድ ቀጭን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ኳሱን ይዞ በእህቴ ልጅ ትከሻ ጥግ ሾልኮ አለፈ። በአራት ሙከራ 10 ያርድ መሄድ ነው ሕጉ፤ እሱ ሞላልን። ነጥብ አይደለም፣ ኳሱ እኛው ጋ ይቆያል ማለት ብቻ ነው። ግን የቀረነው ወላጆች በሙሉ ተነስተን ጮህን። እህቴማ እልል አለች! ልጁን የጣለው የተጋጣሚ ተጫዋች እጁን ዘርግቶ አነሳው፣ ጀርባውንም መታ መታ አደረገው።

ከእረፍት በኋላ ወደ ቤት የሄደ ሁሉ ይሄ አመለጠው።

ቅሬታም አለኝ። በእንግድነት የሄድንበት አንድ ትምህርት ቤት፣ ልዩነቱ ከ40 ካለፈ በኋላም በየተችዳውኑ መድፍ ያስተኩስ ነበር። አስተዋዋቂው ውጤቱን እያስረዘመ ይደጋግማል። ሜዳ ላይ ያሉት ልጆቻቸው ጨዋ ነበሩ፤ ትልልቆቹ ናቸው ያሳፈሩኝ። ከኛም ወገን ዳኛ የሚሳደብ አባት አይጠፋም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያልን ያደግን ሰዎች አለመቆጣቱ ሊከብደን አይገባም ነበር።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለመድፉ ነው። ስትሄዱ የታችኛው ረድፍ ላይ፣ ከቡድናችሁ ጀርባ ተቀመጡ፤ ልጆቹ እርስ በርስ «አይዞህ» የሚባባሉት የሚሰማው እዚያ ነው። የመኪና ማቆሚያው መጨረሻ ላይ ስለሚጨናነቅ ከመውጫው አጠገብ አቁሙ። ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ሳይጨባበጡ ግን አትነሱ።