አሮጌው ስክሪፕት አልሄድ ላላችሁ፦ የቱ መንገድ ያዋጣል?

«የድረ ገጼን ስክሪፕት፣ ማለትም የኮድ ፋይሉን፣ አስተካክዬ ሰርቨሩ ላይ ጫንኩ፤ ደንበኛው ግን አሁንም አሮጌውን ነው የሚያየው።» ወዳጆቼ ይህን ደጋግመው ይጠይቁኛል። ብዙዎቹ መፍትሔውን በገንዘብ ለመግዛት ይነሳሉ። እኔም አንዴ ገዝቻለሁ፤ ካሽ (ፋይሉ ደጋግሞ እንዳይወርድ የሚቀመጥ ቅጂ) የሚያጸዳ፣ በየዓመቱ የሚከፈልበት ፕለጊን። ለካስ የሚያጸዳው ሰርቨሩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። አሮጌው ፋይል የተቀመጠው ግን በጎብኚዎቹ ብራውዘር ውስጥ ነበር። ገንዘቤ በከንቱ ቀረ።

ከታች ያሉት ሦስት መንገዶች ለመጀመር ምንም አያስከፍሉም። ሂሳቡ የሚመጣው በኋላ ነው፤ በዳታና በጥገና ሰዓት።

የመጀመሪያው ከፋይሉ ስም በኋላ ጥያቄ ምልክትና ቁጥር መጨመር ነው፤ «አፕ.ጄኤስ?ቪ=2» እንደማለት። አድራሻው ስለተለወጠ ብራውዘሩ እንደገና ያወርዳል። ዎርድፕረስም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላምነውም። አንዴ ገጹ ሰርቨሩ ላይ ቀድሞ ተጫነና ስክሪፕቱ ጥቂት ሰከንድ ዘገየ። በዚያች ክፍተት የገቡ ሰዎች በአዲሱ ቁጥር አሮጌውን ኮድ አወረዱ። ብራውዘራቸውም አዲሱ ነው ብሎ ያዘው። ቁጥሩን እንደገና እስክቀይር ድረስ ስህተቱን ፍለጋ ስንት ሰዓት ባከነ!

የዚህ መንገድ መጥፎ ቅጂም በየቦታው ይገለበጣል። በቁጥሩ ቦታ የወቅቱን ሰዓት ያስገባሉ። ችግሩ የተፈታ ይመስላል፤ ግን ካሽ የሚባል ነገር ጨርሶ ቀረ ማለት ነው። ሂሳቡን ተመልከቱ። ስክሪፕቱ 300 ኪሎባይት ቢሆንና ገጹ 10,000 ጊዜ ቢከፈት 3 ጊጋባይት ይሄዳል፤ ፋይሉ አንድ ፊደል ሳይቀየር። እናንተም ለሰርቨሩ ትከፍሉበታላችሁ፣ ጎብኚውም ከገዛው ዳታ ይከፍላል።

ሁለተኛው ሰርቨሩ «ኖ-ካሽ» የሚል መመሪያ እንዲልክ ማድረግ ነው። ስሙ ያሳስታል። አታስቀምጥ ማለት አይደለም፤ አስቀምጥ፣ ከመጠቀምህ በፊት ግን ጠይቀኝ ነው። አታስቀምጥ የሚለው «ኖ-ስቶር» ነው። ፋይሉ ካልተለወጠ ሰርቨሩ 304፣ ማለትም «አልተለወጠም»፣ ብሎ አጭር መልስ ይሰጣል፤ ፋይሉ ዳግም አይወርድም። ዳታ ይቆጥባል። ጥያቄው ራሱ ግን ደርሶ መልስ ስለሆነ፣ ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው መዘግየቱን ያውቀዋል።

ሦስተኛው የእኔ ምርጫ ነው፤ ከፋይሉ ይዘት የተሰላ ኮድ ስሙ ውስጥ ማስገባት። ይዘቱ ሲቀየር ስሙ ይቀየራል፤ ካልተቀየረ ስሙም ባለበት ይቆያል። ቁጥር መቀየር ረሳሁ ብሎ ነገር የለም። ቪት የተባለው መገንቢያ መሣሪያ (ኮዱን ለድረ ገጹ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም) ለጎብኚ የሚወጣውን ቅጂ ሲገነባ ይህን ሳይነገረው ያደርጋል። ዌብፓክ በተባለው ሌላው መሣሪያ ላይ «ኮንቴንትሃሽ» የሚለውን ራሳችሁ ስሙ ውስጥ ትጽፋላችሁ። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ከዚያ ለስክሪፕቶቹ «ማክስ-ኤጅ» (ብራውዘሩ ሳይጠይቅ የሚጠቀምበት ጊዜ) 31536000 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ዓመት፣ ስጡና «ኢሚውተብል» (አይለወጥም) ጨምሩበት። ተመላልሶ የሚመጣ ሰው የሚያወርደው የተቀየረውን ፋይል ብቻ ይሆናል።

ሁለት ነገር ግን አደራ። ያንን አንድ ዓመት ኤችቲኤምኤሉ ላይ፣ ማለትም ስክሪፕቶቹን የሚጠራው የገጹ ፋይል ላይ፣ እንዳታደርጉት። እኔ አድርጌው አይቻለሁ፤ ሰውየው ራሱ ገጹን ካላደሰ በቀር አሮጌው ገጽ አሮጌውን ስክሪፕት ሲጠራ ይኖራል፣ ከሰርቨር ሆኖ መመለሻ የለውም። ኤችቲኤምኤሉ ኖ-ካሽ ይሁን። ሁለተኛ፣ አሮጌዎቹን ፋይሎች ወዲያው አትሰርዙ። ገጹን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ቀጣዩን የስክሪፕት ቁራጭ ሲጠራ 404 (አልተገኘም) ይመጣበታል።

መገንቢያ መሣሪያ የሌለው፣ ሁለት ሦስት ስክሪፕት ብቻ ያለው ሰው ኖ-ካሽን ይያዝ። ጥያቄ ምልክቱ የምትጠቀሙበት ሲስተም ሌላ ምርጫ ካልሰጣችሁ ብቻ ነው።

ሲዲኤን (ፋይሎቻችሁን ለጎብኚው ቅርብ ከሆነ ሰርቨር የሚያቀብል አገልግሎት) አጽዱ ተብላችሁ ውድ ፓኬጅ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ይህን አድርጉ። የብራውዘሩን የገንቢ መሣሪያ ክፈቱና ኔትወርክ የሚለው ስር ግቡ። ከዚያ ማደሻውን ሳትነኩ በሊንክ ወደ ገጹ ግቡ። ስክሪፕቱ ከዲስክ ካሽ መጣ ካለ፣ ጥያቄው ሲዲኤኑ ጋ አልደረሰም።