ዲቫ ሲንተሳይዘር ከወራት በኋላ፦ ድምፁን ሳልነካ ጭነቱን ማቅለል

በርሊን ያለው ዩ-ሂ የተባለ የሙዚቃ ሶፍትዌር ኩባንያ ዲቫን፣ በኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን ሲንተሳይዘር (ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ)፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዛሬም የድሮ አናሎግ ሲንተሳይዘር ድምፅ በሶፍትዌር የፈለገ ሰው ስሙን ሳያነሳ አያልፍም። እኔም ትዝታና ባቲ ሳቀናብር ከስር የሚሄደውን ፓድ (ረዘም ብሎ የሚቆይ ለስላሳ ድምፅ) እና ቤዝ ከእሱ ነው የማወጣው። ወራት ሠርቼበትም አልሰለቸኝም። ግን ፕሮሰሰር ይበላል፤ ያውም በደንብ። ይሄ የታወቀ ነገር ነው። ፊልተሮቹ (የድምፁን ቀለም የሚቀርፁት ክፍሎች) የእውነተኛውን ሰርኪዩት ባህሪ ለእያንዳንዱ ኖታ ለየብቻ ያሰላሉ። ባለ አራት ኖታ ኮርድ ከያዛችሁ ስሌቱም አራት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ድምፅ) ስከፍት መጀመሪያ የማየው «አኪውረሲ» (የስሌቱ ጥራት) የሚለውን ቦታ ነው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ አራት ደረጃ አለው፦ ድራፍት፣ ፋስት፣ ግሬት፣ ዲቫይን። ዲቫይን ላይ ካገኘሁት ወደ ፋስት አወርደዋለሁ። ለስላሳ ፓድ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ተቀላቅሎ ልዩነቱን ሰማሁ የሚል ካለ ጆሮው ይባረክ! ረዞናንሱ (ፊልተሩ የሚቆርጥበትን ቦታ የሚያጎላው መቆጣጠሪያ) ከፍ ብሎ የሚያፏጭ ቤዝ ላይ ግን ይታወቃል፤ እሱን ግሬት ላይ እተወዋለሁ። «ኦፍላይን አኪውረሲ»ን ደግሞ «ቤስት» ላይ አድርጉት። ስትሠሩ ቀላል ሆኖ፣ ኤክስፖርት ሲደረግ በከፍተኛው ጥራት ይወጣል። ላፕቶፑ የፈለገውን ያህል ይቆይ።

ስታክ የሚባለውም አለ። አንድ ኖታ ስትጫኑ ድምፁን እስከ ስድስት ይደራርባል። ብዙዎቹን ወፍራም ፕሪሴቶች የሚያወፍራቸው፣ የላፕቶፑንም ፋን የሚያስጮኸው እሱ ነው። እኔ ወደ ሁለት አወርድና የጎደለውን በኮረስ (ድምፁን በሚያሰፋ ኢፌክት) እሞላለሁ።

የቮይስ ቁጥር (በአንድ ጊዜ ሊሰሙ የሚችሉ ኖታዎች ብዛት) ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ወደ አራት ቀንሳችሁ ፔዳል ይዛችሁ ከተጫወታችሁ፣ አዲሱ ኮርድ ሲገባ የቀደመው ድንገት ቆረጥ ይላል። ቀስ ባለ ትዝታ ላይ በጣም ያስጠላል። እኔ ቁጥሩን ከመንካቴ በፊት ሪሊዙን (ጣት ከተነሳ በኋላ ድምፁ የሚቆይበትን ጊዜ) አሳጥራለሁ። ጣታችሁን ካነሳችሁ በኋላ እየሞተ ያለው ድምፅም እኮ እየተሰላ ነው። ለጎደለው ጅራት፣ ለሁሉም ትራክ በጋራ አንድ ሪቨርብ (የማስተጋባት ኢፌክት) ይበቃል። የቀለለውን ፕሪሴት በራሴ ስም አስቀምጠዋለሁ።

ስሌቱን ለፕሮሰሰሩ ኮሮች (የስሌት ክፍሎች) የሚያከፋፍለው መልቲኮር የሚለው ቁልፍ እንደ ማሽኑ ነው። እኔ ጋ ሲበራ ቀለል ይላል። የምትሠሩበት ፕሮግራም ራሱ ሥራውን ለኮሮቹ በደንብ የሚያከፋፍል ከሆነ ግን ቢጠፋ ሊሻል ይችላል። ሁለቱንም ሞክሩ።

መግዛት ያሰባችሁ በነፃው የሙከራ ቅጂ ጀምሩ። ቅጂው ግን አልፎ አልፎ ሆን ብሎ ይንኮሻኮሻል። ፕሮሰሰር ሲጨናነቅም ድምፁ እንዲሁ ይቆራረጣል። የቱ የቱ እንደሆነ በጆሮ ለመለየት አትድከሙ፤ የፕሮግራማችሁን የሲፒዩ መለኪያ እዩ። ሲንኮሻኮሽ መለኪያው ዝቅ እንዳለ ከሆነ፣ ላፕቶፓችሁ ችሎታል።