እናቴን ያስታመምኩባቸው 12 ሳምንታት፦ የዋሽንግተን ዲሲ የቤተሰብ ፈቃድ ክፍያ በእኔ ዐይን

እናቴ የወደቀችው በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሌሊት ለጸሎት ስትነሣ ነጠላዋ እግሯ ላይ ተጠመጠመና በቀኝ ጎኗ ወደቀች። ወለሉ ምንጣፍ ስለሆነ ትንሽ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ግን እግሯን ማንሣት አቃታት። ዳሌዋ ተሰብሯል። በማግሥቱ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ዕድሜዋ 76 ነው።

የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምሠራው ደግሞ ዲሲ መሀል ባለ አንድ ሆቴል ላውንድሪ (ልብስ ማጠቢያ) ክፍል። እህቴ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏት። ማን እንደሚያስታምማት አልተጠያየቅንም፤ እኔ ነኝ። ያስጨነቀኝ የቤት ኪራዩ ነው። ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) ሆስፒታሉን ከፍሏል፣ ነርስና ፊዚዮቴራፒስትም ቤት ድረስ ልኳል፤ እነሱ ግን ለጥቂት ጊዜ ቆይተው ይሄዳሉ። ቀኑን ሙሉ አብሯት ለሚውል፣ መጸዳጃ ቤት ለሚያደርሳት፣ ለሚያጥባት ሰው ሜዲኬር አይከፍልም።

ለሱፐርቫይዘሬ የደወልኩት ከሆስፒታሉ ኮሪደር ነው። የሁለት ቀን ፈቃድ ልለምናት። ኤልሳልቫዶራዊት ናት፣ አብረን ስንሠራ አምስት ዓመታችን ነው። እስክጨርስ አዳመጠችኝና፣ «ሁለት ቀን ምን ያደርግልሻል? ለዛሬና ለነገ የሕመም ቀንሽን እጽፍልሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ፔይድ ፋሚሊ ሊቭ፣ ማለት የሚከፈልበት የቤተሰብ ፈቃድ፣ ጠይቂ። እኔ ለአባቴ ወስጄዋለሁ» አለችኝ። በዚያ ሆቴል አምስት ዓመት ስሠራ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ ሌላ ነገር የሰማሁ መስሏት ከአልጋዋ ላይ ሆና ጠራችኝ።

ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። በዲሲ ሕግ የሕመም ቀን ለራስ ሕመም ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ የታመመ ቤተሰብ ለማስታመምም ይሆናል። አሠሪው 100 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው በዓመት እስከ 7 ቀን፣ ከ25 እስከ 99 ካለው እስከ 5፣ ከዚያ በታች ከሆነ እስከ 3 ቀን ድረስ ነው። ትልቁ ግን የቤተሰብ ፈቃድ ክፍያው ነው። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን ክፍያው የተጀመረው በሐምሌ 2020 ነው። መጀመሪያ ላይ ለማስታመም የሚሰጠው 6 ሳምንት ነበር፤ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ 12 ሳምንት ሆኗል። ገንዘቡ የሚመጣው አሠሪዎች ከሚከፍሉት ግብር ነው፤ ከሠራተኛው ደመወዝ አንድ ሳንቲም አይቆረጥም። የሚከፍለውም የከተማው የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንጂ ሆቴሉ አይደለም። ይህን ሳውቅ «አሠሪዬን አስቸገርኩት» የሚለው ሐፍረቴ ቀለል አለልኝ።

ደመወዜ በሳምንት 880 ዶላር ነበር። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ስሌቱ እስከ 90 በመቶ ስለሚደርስ የደረሰኝ 792 ዶላር ነው፤ ደመወዙ ከፍ ያለ ሰው የሚያገኘው መጠን ግን በመቶኛ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ጣሪያም አለው። 792 ዶላር ኪራዬን ከፍሎ አስቤዛዬን ሸፍኗል። ሬስቶራንት የምትሠሩ እህቶቼ ይህን ልብ በሉ፦ የሚታሰበው ሪፖርት የተደረገ ገቢ ነው። ያልተመዘገበ ቲፕ አይቆጠርም።

ብዙ ሐበሻ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ወሳኙ የምትሠሩበት ቦታ ነው፣ የምትኖሩበት አይደለም። እኔ ሜሪላንድ እኖራለሁ፤ ሥራዬ ዲሲ ስለሆነ አገኘሁ። እህቴ ሬገን ኤርፖርት ውስጥ ባለ ምግብ ቤት ነው የምትሠራው። ኤርፖርቱ ዋሽንግተን ይባል እንጂ መሬቱ ቨርጂኒያ ነው፤ ስለዚህ አይመለከታትም። ከእኔ ጋር ለመፈራረቅ በሳምንት አንድ ቀን እንዲለቋት ብትጠይቅ ሺፍቷን ቀነሱባት። የፌዴራሉ ሕግ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል፤ ግን ያለ ክፍያ ነው፣ ከ50 ሠራተኛ በታች ያለውን አሠሪም አያስገድድም። ሜሪላንድም የራሷን ሕግ እ.ኤ.አ. በ2022 አጽድቃ ክፍያው የሚጀምርበትን ቀን ደጋግማ ገፍታለች። የአንድ እናት ሁለት ልጆች ነን፤ በመካከላችን ያለው አንድ ወንዝ ነው፤ እኔ እየተከፈለኝ ሳስታምም እሷ እየተቀነሰባት ትመጣ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወንድሞች ደግሞ በራሳችሁ የምትሠሩ ተብላችሁ ስለምትታዩ አስቀድማችሁ ራሳችሁ መመዝገብ አለባችሁ። ሰው ከታመመ በኋላ አይሆንም።

«ቤተሰብ» ሲል ማንን ነው? እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት፣ አያት፣ አማት አሉበት። አክስት በአክስትነቷ የለችበትም። ነገር ግን እንደ ብዙዎቻችን አክስቱ ጋር ያደገ ሰው፣ በልጅነቱ በወላጅ ቦታ ሆና ያሳደገችው መሆኗን ካስረዳ እንደ ወላጅ ትቆጠርለታለች። ይህን ሳነብ ያሳደገችኝ አያቴ ትዝ አለችኝ፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው። መታወቂያ፣ የዝምድና ማስረጃ፣ ሐኪሙ የሚሞላው ቅጽ ያስፈልጋል። በስልክ ስደውል አማርኛ አስተርጓሚ ጠየቅኩና መስመር ላይ አገናኙኝ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፤ ለሕግ ነገር ግን በአፍ መፍቻዬ ብሰማ ይሻለኛል። ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አለ፣ አማርኛም ከሚመለከታቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አስተርጓሚ ስትጠይቁ አትፈሩ። ያደከመኝ የሐኪሙ ቅጽ ነው። ለምን ያህል ጊዜ አስታማሚ እንደሚያስፈልጋት ሳይጻፍ ተመልሶልኝ ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ። እናንተ ቅጹን ከመቀበላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ አንብቡት፤ መጀመሪያ በተከታታይ፣ በኋላ ደግሞ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት እንደምትፈልጉ ለሐኪሙ ንገሩት። ማመልከቻውንም 30 ቀን ሳያልፍ አስገቡ።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት በተከታታይ ወሰድኩ። ለአንድ ወር በየቀኑ ሆዷ ላይ ደም የሚያቀጥን መርፌ እወጋት ነበር፤ ነርሷ አንድ ቀን አሳይታኝ ሄደች፣ በማግሥቱ እጄ እየተንቀጠቀጠ ብቻዬን ወጋኋት። ወገቧን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳታጥፍ፣ እግሯን እንዳታነባብር ተነግሯታል። ይህ ማለት በርጩማ የለም ማለት ነው። ቡናውን ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጣ፣ ጠረጴዛ ላይ አፈላሁላት። «እንዲህ ነው ቡና የሚፈላው?» ብላ ፊቷን አዞረች፤ ሦስተኛው ላይ ግን ጠጣች። ስታጠብ ታፍራለች። «ልጄን ከሥራ አስፈታኋት» እያለች ትጨነቃለች። የባንክ መልእክቱን ስልኬ ላይ እያሳየሁ «እማዬ፣ አልፈታሁም፤ ይኸው እየከፈሉኝ ነው» እላታለሁ። የመጀመሪያው ክፍያ የገባ ቀን ነው ምግብ በደንብ የበላችው። ፋሲካን በዎከር (በእጅ ይዘው በሚሄዱበት መደገፊያ) ቆማ «ክርስቶስ ተንሥአ» አለች። እኔም ከትንሣኤው በኋላ ባለው ሳምንት ሥራ ገባሁ።

የቀረውን በቀን ከፋፍዬ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ወሰድኩ። ለእኔ የዚህ አገልግሎት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። አስታማሚ የሚያስፈልጋት በሽታው ሲጀምር ብቻ ይመስለን ነበር፤ ፊዚዮቴራፒው፣ ቀጠሮው፣ ደረጃ መውጣት መለማመዱ ስንት ወር እንደሚፈጅ የገባኝ ከገባሁበት በኋላ ነው። ግን በሳምንት ሁለት ቀን መቅረት እንዲሳካ አሠሪው ማገዝ አለበት፣ የሆቴሌም ነገር እዚህ ላይ ነው የሚነሣው።

ሱፐርቫይዘሬ የሺፍቱን ሰሌዳ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ትለጥፍ ጀመር፤ ፊት በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ነበር የምናውቀው። ቀጠሮዎቹን በዚያ መሠረት አስያዝኩ። ላውንድሪ ውስጥ ስልክ መያዝ ክልክል ነው፤ ለእኔ ኪሴ ውስጥ እንዲሆን ፈቀደች። እናቴን በማንሣት ወገቤን አሞኝ እንደነበር ስታውቅ እርጥብ አንሶላ ከመጎተት አንሥታ ለአንድ ወር ማጣጠፊያው ማሽን ጋ አደረገችኝ። በእኔ ቦታ ለሚገባው ሰው ተጨማሪ ሰዓት በስሙ እንዲጻፍለት ስላደረገች ማንም ፊቱን አላጠቆረብኝም። አንዱም ነገር ለሆቴሉ ብዙ ገንዘብ ያስወጣ አይደለም። የጤና ኢንሹራንሴም አልተቋረጠም፤ የራሴን ድርሻ ግን መክፈል ነበረብኝ፣ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የሥራ ዋስትናን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። ክፍያው ራሱ ቦታችሁን አይጠብቅላችሁም። ቦታውን የሚጠብቀው ሌላ የዲሲ ሕግ ነው፤ 20 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ዓመት የሠራና 1,000 ሰዓት የሞላ ሰው በ24 ወር ውስጥ እስከ 16 ሳምንት ቤተሰብ ማስታመሚያ ፈቃድ አለው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ በጽሑፍ ጠይቁ።

ቅር ያለኝን ደግሞ ልናገር። አሠሪ ስለዚህ ፈቃድ ሠራተኛ ሲቀጥር፣ በየዓመቱ፣ እንዲሁም ሠራተኛው እንደሚያስፈልገው ሲያውቅ ማሳወቅ ግዴታው ነው። እኛ ጋ ማስታወቂያው ስቀጠር ከተሰጠኝ ወፍራም ወረቀት መሀል፣ በእንግሊዝኛ ተቀብሮ ቆይቷል። ወደ ቤት ተመልሼ ስፈልገው አገኘሁት፤ ፊርማዬም አለበት። ሱፐርቫይዘሬ በራሷ ደርሶባት ባትነግረኝ ኖሮ እኔም አልጠይቅም ነበር። አብራን የምትሠራ አንዲት እህታችን ባሏ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) የጀመረ ጊዜ ሥራዋን ጥላ ወጥታለች። ስምንት ዓመት የሠራችበትን ቦታ። ማንም አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም፤ እኛ ችግራችንን ለአለቃ መናገር ነውር ይመስለናል። ስመለስ ወሬውን ነግሬያት፣ «አንቺ ያን ጊዜ የት ነበርሽ?» ብላ ዝም አለች። አጠገቧ ነበርኩ። እኔም አላውቅም ነበር።

ከተመለስኩ በኋላ ኤችአር (የሠራተኞች ጉዳይ) ቢሮ ሄጄ ማስታወቂያው በአማርኛም እንዲለጠፍ፣ ጠዋት ሺፍት ሲጀመር በምንሰበሰብበት ሰዓትም በቃል እንዲነገር ጠየቅኩ። ተለጥፏል፤ ሰዓት መፈረሚያው ማሽን አጠገብ ነው። በቃል የተነገረው ግን እስካሁን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እንደገና እጠይቃለሁ።

12 ሳምንቱ 60 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ ውስጥ አራት ቀርተውኛል። ለመስከረሙ ኤክስሬይና ከዚያ በኋላ ላለው ቀጠሮ አስቀምጫቸዋለሁ። እናቴ አሁን ዎከሩን ትታ በከዘራ ትሄዳለች። በርጩማው ላይ እንድትቀመጥ ገና አልተፈቀደላትም፤ ለሐኪሙ ይህን ጥያቄ እንዳልረሳ ትናንትም ዛሬም አስታውሳኛለች።