16 ቴራ ብዬ የገዛሁትን ከፍቶ ላሳየኝ ልጅ

ሥራዬ ሰርግ መቅረጽ ነው። ጥር ሲገባ እኔ ቤት እንቅልፍ የለም። ቅዳሜ አንድ ሰርግ፣ እሁድ አንድ፣ መልሱ ደግሞ አለ። የሁለት ካሜራ ቪዲዮ ሲጠራቀም ላፕቶፑ ጢም ይላል። ስለዚህ ከአንድ የኦንላይን ሻጭ ጣት የምታህል ቆንጆ ኤስኤስዲ (ፈጣን የፋይል ማስቀመጫ) ገዛሁ። 16 ቴራ (ቴራባይት፣ አንዱ ወደ 1000 ጊጋ) ይላል። ዋጋው ግን የአንድ ቴራ እንኳ አይሞላም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ርካሽ ነገር ሳይ ዓይኔ ይጋረዳል፣ ምን ላድርግ።

የሰርጉን ቪዲዮ ወደ እሱ ገለበጥኩ፣ ኮፒው አለቀ። የፋይሎቹ ስም ተደርድሯል፣ መጠናቸውም ልክ ነው። ደስ ብሎኝ የካሜራዎቹን ሚሞሪ ካርዶች ፎርማት አደረግኩ። ማክሰኞ ኤዲት ላደርግ ስቀመጥ የመጀመሪያዎቹ ተከፈቱ። የተቀሩት እምቢ አሉ። የሽማግሌዎቹ ምርቃት እዚያ ውስጥ ነው። ሙሽራዋን ምን ልበላት?

አንድ ሰው መገናኛ ህንጻ ውስጥ ሱቅ ያለውን ልጅ ጠቆመኝ። ሱቁ ከሁለት ሰው በላይ አያስገባም። ዕቃውን በእጁ መዘን መዘን አደረገና ሳቅ አለ። "ጋሼ፣ ልክፈተው?" አለኝ። በአሮጌ የሞባይል ካርድ ጠርዝ ፈልቅቆ ከፈተው። ውስጡ አንዲት ሚጢጢ ቦርድ፣ በሙጫ የተለጠፈች 64 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ፣ ክብደት እንዲኖረው የገባ ቁራጭ ብረት። በቃ። ዕቃው 16 ቴራ ነኝ ብሎ ኮምፒውተሩን ይዋሻል። 64ቱ ሲሞላ የቀረውን በስም ብቻ ይመዘግባል።

"ካርዶቹ ላይ ሌላ ቀርጸውባቸዋል?" አለ። አልቀረጽኩም። ፎርማት ሲደረግ መጀመሪያ የሚጠፋው ማውጫው (የፋይሎቹ ዝርዝር) ነው፣ ቪዲዮው አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቆያል። ፎቶሬክ በሚባል ነጻ ፕሮግራም አብዛኛውን መለሰልኝ። ምርቃቱንም። ኬክ ሲቆረስ ከአንዱ ካሜራ የተቀረጸው ጠፍቷል፣ በሁለተኛው ሸፈንኩት።

ከዚያ ሃርድ ዲስክ ምረጥልኝ አልኩት። እኔ ውዱን ባለ 4 ቴራ ኤስኤስዲ እያየሁ ነበር። ሊሸጥልኝ ይችል ነበር፣ አልሸጠልኝም። ለማስቀመጫ ከሆነ የሚሽከረከረው ተራው ሃርድ ዲስክ ይበቃዎታል አለ። ባለ 2 ቴራ ሁለት ይግዙና አንድ ዓይነት ነገር ሁለቱም ላይ ይጫኑ። አንዱ እርስዎ ጋ፣ ሌላው እናትዎ ቤት። "በአንድ ቦርሳ ከያዟቸው ግን አንድ ነው የገዙት።" ትንሿን ባለ 2.5 ኢንች መረጠልኝ። ከላፕቶፑ በኬብል ኃይል ትወስዳለች፣ ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ግን የራሱ አዳፕተር ይፈልጋል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ረዳቴ ማክ ስለሚጠቀም ልጁ ዊንዶውስም ማክም በሚጽፉበት በኤክስፋት ፎርማት አደረገው። ማክ የዊንዶውሱን ፎርማት፣ ኤንቲኤፍኤስን፣ ያነባል እንጂ እንዳለ አይጽፍበትም። "ኢጀክት ሳያደርጉ (ኮምፒውተሩ ላይ ሳያሰናብቱት) እንዳይነቅሉ" ብሎ ሦስት ጊዜ ነገረኝ፣ እኔ ደግሞ የምነቅል ሰው ነኝ። ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩ 1.81 ቴራ ሲል ደንግጬ ደወልኩ። ፋብሪካው በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ነው፣ አልተሰረቅኩም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ዕቃዎቹን ወዲያው አልሰጠኝም። ኤችቱቴስትደብልዩ በሚባል ፕሮግራም ከዳር እስከ ዳር ጽፎ፣ መልሶ አንብቦ አረጋገጠ። ለአንዱ ብቻ ከ10 ሰዓት በላይ ፈጀ፣ ሌሊቱን ሱቁ ውስጥ ትቶት አደረ። ለዚህ ምንም አላስከፈለኝም።

ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም። ስልክ ቶሎ አያነሳም። ቡና ሊጠጣ ወጥቶ አንድ ሰዓት ሊያቆማችሁ ይችላል። ጠዋት ወረፋ አለው፣ ከሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። የተከፈተችውን 16 ቴራ ሱቅህ መስታወት ላይ ለጥፈሃት አየሁ። ደግ አደረግክ፣ የኔ መሆኗን ግን ለማንም አትንገር።