ጭራዋን ታሳድድ የነበረችው ጀልባችን እና የባሕር ዳሩ ሬዲዮ ሠሪ

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። በሪሞት የሚነዳ ነገር ያላችሁ፣ ጀልባም ይሁን ድሮን፣ ይህን አንብቡልኝ።

እኔና የእህቴ ልጅ ሁለት ሞተር ያላት ትንሽ ጀልባ ሠርተን ጣና ዳር እንነዳለን። አንድ ቀን ነፋስ ገፍቶ ያመጣው እምቦጭ ሥሩ በግራው ፕሮፔለር ላይ ተጠመጠመ። ሞተሩ መዞር ሲያቅተው የፍጥነት መቆጣጠሪያው፣ ኢኤስሲ የሚባለው፣ ጨሰ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሪሞቱን ስቲክ ወዲያው መልቀቅ ሲገባኝ «በጥሳው ትወጣለች» ብዬ ጨመርኩበት።

ከአዲስ አበባ ሌላ ኢኤስሲ አስመጣን። እሱም እንደ ቀድሞው 30 አምፔር ነው፣ ፋብሪካው ግን ሌላ። ከገጠምነው ወዲህ ጀልባዋ ክብ መሥራት ሆነ ሥራዋ። ስቲኩን ቀስ አድርጌ ሳነሳ ቀኙ ይነሳል፣ ግራው ቆይቶ ይከተላል። በደንገል ታንኳ የሚያልፉ ዓሣ አጥማጆች «የእናንተዋስ ጭራዋን ነው የምታሳድደው» እያሉ ሳቁብን። አንድ ሱቅ ወስጄ አሳየሁ፤ «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ሁለቱንም ቀይር» ተባልኩ።

ከጊዮርጊስ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ያለውን ሬዲዮ ሠሪ የጠቆመኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ልጁ ካውያውን አስቀምጦ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጋሼ፣ ምን ቀይረውባት ነበር?» ብሎ ነው። ነገርኩት። ሳቅ አለና «ሞተሩ ደኅና ነው፤ ሁለቱ ኢኤስሲዎች አልተግባቡም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሪሲቨሩ፣ ማለትም ጀልባዋ ላይ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ ከሚቀበለው፣ ወደ ኢኤስሲው የሚመጣው ምልክት ርዝመቱ 1 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺህኛ) ሲሆን «ቁም»፣ 2 ሚሊሰከንድ ሲሆን «ሙሉ» ማለት ነው። ዝቅተኛው የት፣ ከፍተኛው የት እንደሆነ ግን እያንዳንዱ ኢኤስሲ የየራሱን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከናንተ ሪሞት ጋር ማስተዋወቅ ያስፈልጋል።

ሁለቱንም ፕሮፔለሮች ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። የሪሞቱን ሚክስ፣ መሪውንና ፍጥነቱን ለሁለቱ ሞተሮች የሚያቀላቅለውን፣ አጥፍቶ አንዱን ኢኤስሲ ብቻ ሪሲቨሩ ላይ ስሮትል ቻናሉ፣ የፍጥነቱ መስመር፣ ላይ ሰካ። ስቲኩን እስከ ላይ ገፍቶ ባትሪውን አገናኘ። ጢጥ ጢጥ። ወዲያው እስከ ታች አወረደው። ባትሪው 3 ሴል ስለሆነ ሦስት ጊዜ ጢጥ፣ ከዚያ አንድ ረጅም ጢ....ጥ። በቃ። ላይ ትንሽ ቢቆይ ሌላ ሜኑ ውስጥ ይገባል፤ እኔ ቤት ሞክሬ ያበላሸሁት እዚያ ላይ ነበር። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረገ።

ሲጨርስ ሁለቱም ኢኤስሲዎች ለሪሲቨሩ 5 ቮልት እየላኩ መሆኑን አየ። ሁለቱ እንዳይጋጩ ከአንዱ ሶኬት ቀዩን ሽቦ ብቻ ነቅሎ በቴፕ ጠቀለለው። ይህን እኔ አልጠየቅሁትም፤ ሥራ ማክበር የምለው ይህን ነው። 200 ብር ተቀበለኝ፣ እሱንም ለምኜ። በሚቀጥለው ራሴ እንድሠራው ስቲኩን አስይዞ አንድ ጊዜ አስደገመኝ።

እሑድ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ወሰድናት። ቀጥ ብላ ሄደች። የእህቴ ልጅ ሪሞቱን አልመለሰልኝም።

ድሮን ላላችሁ፦ አራቱንም ኢኤስሲ እንዲሁ ያስተካክላል። ዲሾት በሚባለው ዲጂታል ምልክት የሚሠሩት ይህ አያስፈልጋቸውም፤ ይህንንም የነገረኝ እሱ ነው፣ የሚያገኘውን ገንዘብ ትቶ።

ሱቁ ምልክት የለውም። ከጎኑ ቡና የምታፈላዋን እኅት «ሬዲዮ ሠሪው» ብላችሁ ጠይቋት። ፕሮፔለሩን ፈታችሁ ሂዱ፤ ካልተፈታ ባትሪ አያስነካችሁም።