አሮጌ ታጣፊ ምላጭ ልትገዙ ነው? ስሱን ከወፍራሙ እንይ

የአያቴን ታጣፊ ምላጭ ከሣጥን አውጥቼ ካደስኩ ወዲህ፣ እዚህ ደሴ «እኔም አሮጌ አግኝቻለሁ፣ ልግዛው?» የሚለኝ ሰው በዝቷል።

ለፀጉር ቤት ከሆነ ይቅርባችሁ። ምላጩ የሚቀየረውን ግዙ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ትከታላችሁ፣ አለቀ። ሄፓታይተስ ቢ በደም ይተላለፋል፤ አንድ ስለት ለሁሉም ማዞር አደጋ ነው።

ለራሳችሁ ጺም ግን አሮጌውን የሚያክል የለም። ሁለት ዓይነት ያጋጥማችኋል። አንዱ ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ የተሰረጎደ፣ ስስና ቀላል ነው። የጀርመኗ ዞሊንገን ስም ያለባቸው ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሌላው እንደ ሽብልቅ ወፍራም ነው፤ የጥንት የእንግሊዝ ሼፊልድ ሥራዎች ውስጥ ይበዛል። ወፍራሙ ከባድ ጺም ላይ አይንቀጠቀጥም፣ ግን ድንጋይ ላይ ሲሳል ክንድ ይጨርሳል። ስሱ ቶሎ ይሳላል፣ ቢወድቅ ግን ቶሎ ይሸረፋል። ለጀማሪ እኔ ስሱን እመርጣለሁ።

የቱንም ብትገዙ ውበቱን ተዉና ወደ ብርሃን አዙራችሁ ስለቱን እዩ። ጀርባው ላይ ያለ ዝገት በዘይትና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል፤ እኔ ከ400 ቁጥር ጀምሬ እስከ 2000 ሄጃለሁ (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ እየላመ ይሄዳል)። ስለቱ ላይ ስንጥቅ ካለ ወይም ጥቁር የዝገት ጉድጓድ ጫፉ ድረስ ከደረሰ ግን በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

እባካችሁ ግራይንደር አታስነኩት። አንድ ጊዜ ምላጭ እንዲሳልልኝ ሰጥቼ፣ ጫፉ እንደ ቤንዚን ጠብታ ሰማያዊ ሆኖ ተመለሰልኝ። ብረቱ በሙቀት ለስልሶ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ስለት አልያዘም። እስካሁን ያናድደኛል።

የሚሳለው በእጅ ነው። ጀርባውና ስለቱ እኩል ድንጋዩን እየነኩ፣ ከ1000 ቁጥር ወደ 4000፣ ከዚያ 8000። ቀጥሎ ጀርባውን አስቀድሞ ቆዳ ላይ መጎተት ነው። የኔን ቆዳ የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ከኮምቦልቻ ነው ያመጣሁት፣ ወፈር ያለና ለስላሳ። ድንጋዮቹ ከምላጩ በላይ ሊያስወጧችሁ ስለሚችሉ ዋጋ ስትከራከሩ ይህንንም አስቡ።

በመጨረሻ እጀታውን እዩ። ቀንድ ከሆነ ዘይት ቀቡት። ሴሉሎይድ (የድሮ ፕላስቲክ) ከሆነና የነካው ብረት ብቻ ተለይቶ ከዛገ፣ እጀታው ራሱ እየበሰበሰ ነውና መቀየሪያውን ከዋጋው አስቀንሱ። ጉም በማይጠፋበት በደሴ ደግሞ ከተላጫችሁ በኋላ ሳታደርቁና የስፌት መኪና ዘይት ሳትቀቡ አጥፋችሁ አታስቀምጡት።