ስሌቱ የበረታ፣ ቁጥጥሩ የሳሳ፦ በደብረ ብርሃን የተሰጠው የዴሪቫቲቭ ሥልጠና

በደብረ ብርሃን ለባንክ ባለሙያዎች የተዘጋጀውን ይህን ሥልጠና የተከታተልኩት፣ የዴሪቫቲቭ ውሎች (ዋጋቸው እንደ ምንዛሪ ተመን ወይም ወለድ ካለ ሌላ ነገር የሚመነጭ ውሎች) የንግድ ባንክን ያጸኑታል ወይስ ያናጉታል ለሚለው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነበር፤ መልሱንም በከፊል አግኝቻለሁ።

ከሁሉ የበለጠው የማሽን አስመጪ ፋብሪካንና የሸዋ ሮቢት ማሾ ላኪን ምሳሌ ያደረገው የክፍል ሥራ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር ከ58 ብር በታች ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር አለፈ። አስቀድሞ የ100,000 ዶላር ማሽን በዱቤ ያዘዘ ፋብሪካ፣ 5.8 ሚሊዮን ብር ገደማ የነበረው ዕዳው ከ10 ሚሊዮን በላይ ይሆንበታል። አሠልጣኙ፣ ፋብሪካው ዶላሩን በቀድሞው ተመን ለመግዛት ከባንኩ ጋር የፎርዋርድ ውል (ወደፊት የሚፈጸምን ግብይት ዋጋ አስቀድሞ የሚቆርጥ ውል) ቢኖረው ኖሮ ኪሳራው የት ይሄድ ነበር ሲሉ ጠየቁን። ኪሳራው ወደ ባንኩ ይዞራል፤ ባንኩም በዚያው ጊዜ ዶላር ከሚያስገባው ላኪ ጋር ተቃራኒውን ውል ካልያዘ በቀር ልዩነቱን ከካፒታሉ ይከፍላል። ላኪው ደግሞ ገበያው 100 ብር ሲከፍል በ58 ለመሸጥ የገባውን ውል ሊያፈርስ ስለሚችል፣ በወረቀት ላይ ሚዛኑን የጠበቀ ባንክም የተዋዋዩን አቅምና ታማኝነት ሳይመዝን አይድንም።

ከዚያ በኋላ ሥልጠናው ተዳክሟል። የኦፕሽን (የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት የሚሰጥ፣ ግን የማያስገድድ ውል) ዋጋ ቀመሮች ከሚገባቸው በላይ ጊዜ ሲወስዱ (አዳራሹ መቀዝቀዙም አልረዳንም) የውስጥ ቁጥጥር በጥድፊያ ታልፏል። በእኔ ግምት የጉዳዩ እምብርት እሱ ነበር። በ1762 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የእንግሊዙ ቤሪንግስ ባንክ በ1995 የወደቀው በቀመር ስሕተት አይደለም፤ ኒክ ሊሰን የተባለው የሲንጋፖር ሠራተኛው ግብይቱንም የሒሳብ ምዝገባውንም አንድ ላይ ይዞ፣ 827 ሚሊዮን ፓውንድ የደረሰ ኪሳራ መደበቅ በመቻሉ ነው። በተቃራኒው የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ በ2023 ከመውደቁ በፊት፣ ከወለድ ጭማሪ ይከላከሉለት የነበሩትን ውሎች ቀንሶ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀርቡ ኖሮ ውይይቱ እጅግ በበለጸገ ነበር።

የማስተማሪያ ጽሑፉ ግልጽ ነው፤ የአሠልጣኙም አማርኛ የሚያስመሰግን ነው። ለውጭ ምንዛሪና ለብድር ክፍል ባልደረቦች እመክረዋለሁ፤ የውስጥ ኦዲተሮች ግን የቁጥጥሩ ክፍል እስኪሰፋ ቢቆዩ ይሻላቸዋል።